ሽልማቱን ማን ቆጠረው?
(ስለ ቴሌቪዥን ሽልማትና ስለ መታሰቢያ ዝግጅት)

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤቶቻችን የተነሣውን ክርክር ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። አንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከዚህ ዓለም ለተለየ አንድ ድምፃዊ የመታሰቢያ የሙዚቃ ዝግጅት ታየ። ላውንጁ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አሸናፊው ሲጠራ ግማሹ ተማሪ በጭብጨባ ተነሣ፤ ግማሹ «ተሰረቅን!» ብሎ ጮኸ። መታሰቢያው በታየ ዕለት ደግሞ «ይህ ዘፈን ለምን ቀረ? ያ ዘፋኝ ለምን ተጋበዘ?» በሚል ሌላ ጭቅጭቅ ተጀመረ።

ነገሩ በጨዋታ ቢያልቅ ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገር ግን ከጓደኞቻችን አንዱ፣ የዳባት ልጅ፣ ለሚወደው ድምፃዊ በስልክ መልእክት ድምፅ ሲሰጥ ሰንብቶ ለማስታወሻ ፎቶ ኮፒ ያስቀመጠውን ገንዘብ ጨረሰ። የመኝታ ክፍል ባልንጀራው ለሌላው ድምፃዊ ስለ ደገፈ ሁለቱ ተኳረፉ። ከዚያም የባሰው፣ ክርክሩ ከዘፈኑ ወጥቶ «የማን አገር ልጅ ነው?» ወደሚለው ተሻገረ። በዚህ ጊዜ እኛ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን ጥቂቶች ተሰብስበን አንድ ጥያቄ አነሣን፤ ለመሆኑ ሽልማት የሚባለው ነገር የሚለካው ምንድን ነው? መታሰቢያስ ምን ሊሠራ የሚገባው ነገር ነው? ያገኘነውን መልስ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ሽልማት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ሲጀምር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅትም በዚያው ዘመን ለደራስያንና ለሠዓልያን ሽልማት ይሰጥ ነበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1966 እ.ኤ.አ. ገና በ29 ዓመቱ የተሸለሙት ከዚሁ ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ድምፅ አይሰጥም ነበር። አዋቂዎች ተቀምጠው ይመርጣሉ፤ ንጉሡ ይሸልማሉ፤ ሌላው ያጨበጭባል።

በ1990ዎቹ ማለቂያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ኢትዮጵያን አይዶል ዳኞቹን ወደ አደባባይ አወጣቸው፤ ተመልካቹ የዳኛውን ፊት እያየ ዳኛውን መዳኘት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሽልማቶቹ በዙ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከለዛ ፕሮግራም የተወለደው ለዛ ሽልማት ከዘፈንና ከፊልም ጋር የቴሌቪዥን ድራማንም ጨምሮ የአድማጮችን ምርጫ መሠረት አደረገ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ጉማ ሽልማት የፊልም ሰዎችን ማክበር ያዘ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አሳየ፤ ሕዝቡ ይጠቁማል፣ ዳኞች ይመርጣሉ። እንግዲህ «ሽልማት» በሚለው በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች በአሠራራቸው የተለያዩ ናቸው። አንዱ የአዋቂ ፍርድ ነው፤ አንዱ የወዳጅ ብዛት ነው፤ አንዱ የሁለቱ ድብልቅ ነው። እኛ ግን ላውንጅ ውስጥ ስንጮህ ሁሉንም እንደ አንድ ሚዛን ቆጥረን ነው።

የአቆጣጠር ደንብ ውጤትን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ሦስት ድምፃውያንን ያወዳድራሉ እንበል። ድምፃውያኑን ሀ፣ ለ እና ሐ ብለን እንጥራቸው። አምስቱ ተማሪዎች ሀን አንደኛ፣ ሐን ሁለተኛ፣ ለን ሦስተኛ ያደርጋሉ። አራቱ ለን አንደኛ፣ ሐን ሁለተኛ፣ ሀን ሦስተኛ ይላሉ። የቀሩት ሦስቱ ሐን አንደኛ፣ ለን ሁለተኛ፣ ሀን ሦስተኛ ያስቀምጣሉ።

አሁን እንቁጠር። ደንቡ «ብዙ ሰው አንደኛ ያደረገው ያሸንፋል» ከሆነ፣ ሀ በ5 ድምፅ ያሸንፋል። ደንቡ «ዝቅተኛው ይውጣና በቀሩት ሁለቱ መካከል እንደገና ይመረጥ» ከሆነ፣ ሐ ይወጣል፤ የእርሱ ሦስት ደጋፊዎች ወደ ለ ይሄዳሉ፤ ለ 7 ለ 5 ያሸንፋል። ደንቡ «ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1 ነጥብ» ከሆነ ደግሞ ሀ 22፣ ለ 23፣ ሐ 27 ነጥብ ያገኛሉና ሐ ያሸንፋል። ልብ በሉ፤ አንድም ተማሪ ሐሳቡን አልለወጠም፤ አንድም ድምፅ አልተሰረቀም። የተለወጠው የመቁጠሪያው ደንብ ብቻ ነው፤ በሦስት ደንብ ግን ሦስት አሸናፊ ወጣ። «ተሰረቅን» ብለን ከምንጮህባቸው ጊዜያት ስንቱ እንደዚህ ያለ ይሆን?

በዚህ ላይ አንድ ሰው ሃያ ጊዜ መልእክት መላክ የሚችልበት ውድድር ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እንዲህ ያለው ቆጠራ የሚለካው የወዳጆችን ቁጥር ሳይሆን የወዳጆችን ኪስና ትጋት ነው። የዳባቱ ጓደኛችን በፎቶ ኮፒው ገንዘብ የገዛው የአንድ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሃያና የሠላሳ ሰው ድምፅ መስሎ የሚታይ የአንድ ሰው ፍቅር ነበር። ፍቅሩን አንነቅፍም። ነገር ግን «ሕዝቡ መረጠ» ለማለት ይህ በቂ ምስክር አይደለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን በውጭው ዓለም የሆነውን ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። አውሮፓውያን በየዓመቱ በቴሌቪዥን በሚያካሂዱት የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፍጻሜው የባለሙያ ዳኞችና የተመልካቾች ድምፅ እኩል እኩል እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. በሊቨርፑል በተደረገው ፍጻሜ የፊንላንዱ ካሪያ ከተመልካቾች 376 ነጥብ አገኘ፤ የስዊድኗ ሎሪን ግን ከተመልካቾች 243 ብቻ አገኘች። ከዳኞች በኩል ደግሞ እርሷ 340፣ እርሱ 150 አገኙ። ተደምሮ 583 ለ 526 ሎሪን አሸነፈች። የፊንላንድ ወዳጆች «ሕዝቡ የመረጠው ተከለከለ» አሉ፤ የሎሪን ወዳጆች «ሙያ አሸነፈ» አሉ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የተናገሩት ግን ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ቆጠራ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ቤታችን ይቀርባል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በካናዳ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ «ዘ ዊከንድ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ያወጣው አልበም በዓለም ሁሉ በተደመጠበት በ2013 ዓ.ም. ለአሜሪካው የግራሚ ሽልማት በአንድም ዘርፍ ሳይታጭ ቀረ። ያን ጊዜ የዋና ዋናዎቹን ዘርፎች የመጨረሻ ዕጩዎች ከመራጮች ዝርዝር ውስጥ የሚለዩት ስማቸው የማይገለጽ ኮሚቴዎች ነበሩ። አቤል በዚህ ምክንያት ሥራውን ከዚያ በኋላ ለውድድር እንደማያቀርብ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ድርጅቱ ስውሮቹን ኮሚቴዎች ከአብዛኞቹ ዘርፎች አስወገደ፤ አቤልም በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በዚያው መድረክ ላይ ተመልሶ ዘፈነ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? «አሸናፊው ማን ነው?» ብሎ የጮኸ ብዙ ሰው ነበር፤ ለውጥ የመጣው ግን «የሚቆጥረው ማን ነው? በምን ደንብ?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ሲነሣ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ከደንቡ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በቆጠራው ውስጥ ያልገባው ማን ነው?» የሚለው ነው። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በእነዚያ ወራት በኢንተርኔት ድምፅ በሚሰጥበት ውድድር ሁሉ የጎንደር ከተማ ሰው ምርጫ ባዶ ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። ባዶ መሆኑም በውጤቱ ላይ አይጻፍም። ማንም አሸናፊውን ሲያውጅ «ይህ ውጤት ስልኩ ያልሠራለትን ሰው አይጨምርም» ብሎ አይናገርም። በሰላሙ ጊዜ እንኳ ከደባርቅ ወዲያ በጃናሞራ ተራሮች መካከል የሚኖረው ገበሬ፣ መብራትና ቴሌቪዥን ካልደረሰው፣ ስለ የትኛው ድራማ ምርጫ ይስጥ? ይሁን እንጂ የዘፈኑን ዜማ ብዙ ጊዜ ያወረሰን እርሱ ነው።

ይህን ጉዳይ ስንወያይ የዳባቱ ጓደኛችን አንድ ሐሳብ አመጣ። በሠፈሩ ሠርግ ላይ መሰንቆ የሚጫወቱ፣ ለገበያ ወደ ጎንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩና ሻይ ጋብዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። ሁለቱን ድምፃውያን በስልክ አሰማናቸውና «ጋሼ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» አልናቸው። ሽማግሌው ጥቂት አዳመጡና «በምን ቅኝት ልጆቼ?» አሉን። «አንደኛው በትዝታ ነው የዘፈነ፤ ሁለተኛው በአምባሰል። ትዝታን ከአምባሰል ጋር ምኑን ከምኑ ታስተያዩታላችሁ? ይልቅ ለለቅሶ ነው ወይስ ለሠርግ የምትፈልጉት? እሱን ንገሩኝና እኔም እነግራችኋለሁ።» እኛ በክርክር ብዛት ድምፃችን ሲዘጋ ያልደረስንበትን ነገር እርሳቸው በአንድ ጥያቄ ደረሱበት። ለምን ተብሎ እንደሚለካ ሳይታወቅ ማን እንደሚበልጥ አይታወቅም።

የአዝማሪ ቤትን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የአድማጭ ድምፅ በስልክ መልእክት እንዳልተጀመረ ማስታወስ ይገባናል። በጎንደር አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንን ግጥም ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። ደስ ያለው ተነሥቶ ብር በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ይህንንም «ሸለመው» እንላለን። በዚህ ሽልማት ሸላሚውም ተሸላሚውም ይተያያሉ። ማን ስንት ጊዜ እንደ ሸለመ ቤቱ ሁሉ ያየዋል። ገንዘቡም በቀጥታ ለሠራተኛው ይደርሳል። በስልክ መልእክት በሚደረገው ምርጫ ግን ከሚከፈለው ገንዘብ ለድምፃዊው ምን ያህል እንደሚደርሰው፣ የሚደርሰውም ነገር ካለ፣ መልእክቱን የሚልከው ሰው አይጠይቅም። የጥንቱ ሁሉ ይሻላል ማለታችን አይደለም፤ አዝማሪው እየተሸለመ እንኳ ስንት ዘመን እንደ ተናቀ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የቆጠራውን ግልጽነት ከዚያ ቤት ልንማር እንችላለን።

ስለ መታሰቢያ ዝግጅት ደግሞ ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን መታሰቢያን እንደ ሁለተኛ ሽልማት እንቆጥረዋለን፤ ስለዚህ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ማን ተጋበዘ፣ ከእገሌ መታሰቢያ በለጠ ወይስ አነሰ እያልን እንለካዋለን። ነገር ግን መታሰቢያ የሽልማት ወንድም ሳይሆን የሙሾ ልጅ ነው። በአገራችን ለቅሶ አልቃሿ ስታወርድ ሟቹን ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድርም። ማን እንደ ወለደው፣ ምን እንደ ሠራ፣ ማንን እንደ ረዳ፣ ማን እንደ ቀረበት ትናገራለች። ሙሾ ጥሩ የሚባለው ሟቹን ያላወቀው ሰው ሰምቶ ሲያውቀው ነው። የቴሌቪዥን መታሰቢያም በዚሁ ሊመዘን ይገባዋል።

ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገር ሁሉ አለቀሰ፤ ቀብሩም በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ። ዘፈኖቹ በየጣቢያው ሌትና ቀን ተሰሙ። ነገር ግን ከእነዚያ ዘፈኖች በስተጀርባ የቆሙትን ሰዎች፣ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዜማ የደረሰውንና ያቀናበረውን እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያለውን ሰው፣ ከእኛ ትውልድ ስንቱ ያውቃል? ድምፁ የአንድ ሰው ነው፤ ዘፈኑ ግን የብዙ ሰው ሥራ ነው። መታሰቢያ የብዙዎቹን ስም ካልጠራ ግማሹን ሙሾ ብቻ አወረደ ማለት ነው። ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ አመንጪ የሥራው ባለቤትነት እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የከዋኙንም የገንዘብ መብት ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከጥንት የወረደው የመሰንቆ ዜማ ግን ይህ ነው የሚባል አንድ ባለቤት ስለሌለው ስም የሚጠራለት የለም። ስለዚህ ቢያንስ የወጣበት አገር ቢጠራ ምን ይጎዳል?

ከእኛው ከተማ የወጣውን ማዲንጎ አፈወርቅን እናንሣ። የአዘዞው ልጅ በመስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት በድንገት ሲያርፍ፣ አብዛኞቻችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ደመራው በተለኮሰ ማግሥት በየቤቱ ለቅሶ ሆነ። በየቴሌቪዥኑ መታሰቢያ ተደረገለት፤ ከእርሱ ጋር የሠሩ ሁሉ ስለ ቅንነቱ ተናገሩ። ያን ጊዜ ሁላችንንም አንድ ሐሳብ ሳይወጋን አልቀረም፤ ይህን ሁሉ ምስጋና በጆሮው ቢሰማው ምን ነበረበት? በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ለምስጋና ገና ነው ብለን እንጠብቃለን፤ ሞት ግን እንደኛ ቀን አይቆጥርም። በሽልማት ላይ የምንጣላው በሕይወት ባሉት ነው፤ የምናመሰግነው ግን የሞቱትን ነው። ይህ ልማድ ሊገለበጥ የሚገባው ይመስለናል። ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የስንብት ኮንሰርቱን በሕይወት ቆሞ ባደረገ ጊዜ ብዙዎቻችን የተደሰትነው ዘፈኑን ብቻ ሰምተን አይደለም፤ ምስጋናው ለባለቤቱ ሲደርስ በማየታችን ነው።

እንግዲህ ሐሳባችንን እናጠቃልል። ሽልማት የሚመልሰው ደንቡ የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመከራከራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ማን ቆጠረ? በምን ደንብ ቆጠረ? ሊቆጠር ያልቻለውስ ማን ነው? መልሱን ካላወቅን ውጤቱን ለመጨፈሪያም ለመኳረፊያም አናድርገው። በተለይ የድምፃዊን የትውልድ አገር እንደ ነጥብ መቁጠር ከሁሉ የከፋ ደንብ ነው፤ በዚያ ደንብ የሚያሸንፍ ዘፋኝ የለም፤ የሚሸነፍ ግን አብሮ የሚያድር ጓደኛ አለ።

መታሰቢያን በሚመለከት ደግሞ ለኅብረታችን አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። በያዝነው ዓመት አንድ ምሽት ይመደብ፤ ከጎንደርና ከዙሪያዋ ገጠሮች የመሰንቆና የክራር ባለሙያዎች፣ ላሊበሎችም ጭምር ይጋበዙ። ውድድር አይኑር፤ ነጥብ አይሰጥ። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የባለሙያዎቹን ፈቃድ እየጠየቁ ስማቸውን፣ የሚጫወቱትን ቅኝት፣ ማን እንዳስተማራቸው ይመዝግቡ፤ መዝገቡም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ለአበላቸውና ለመሳፈሪያቸው የሚሆነውን እኛው እናዋጣ፤ ለስልክ መልእክት የምናወጣው ገንዘብ ለዚህ ሳይበቃ አይቀርም። «በምን ቅኝት ልጆቼ?» ያሉን ሽማግሌ ለመምጣት ቃል ሰጥተውናል፤ የጠየቁን ነገር ቢኖር ከመሰንቆ አጃቢነት በቀር በስማቸው እንድንጠራቸው ብቻ ነው።

የተኳረፉትን ሁለት ጓደኞች ነገር ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ፈተናው ሲቃረብ የዳባቱ ልጅ ማስታወሻ አልነበረውም። ያኮረፈው ባልንጀራው ሁለት ኮፒ አስነሥቶ አንዱን ሳይናገር አልጋው ላይ ጣለለት። ማን እንዳሸነፈ እስካሁን አልተስማሙም፤ ማጥናቱን ግን አብረው ያጠናሉ።